ከክዳኑ ሥር የነበረችው ወረቀት

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪዬ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ጥገና አስተምራለሁ። የዚያን ቀን ጠረጴዛው ላይ አንድ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥን፣ ፈታተን ዘርግተን ነበር። የፊት ክዳኑን ሳነሳ ልጅቷ ጠጋ አለችና፣ «ቲቸር፣ ትክክለኛው ጋስኬት የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አለችኝ። መጽሐፉ የሚለውን ነገርኳት። ጋስኬት በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ወረቀት ወይም ካርቶን ነው፣ ዘይት እንዳይፈስ ይይዛል፣ የሚመረጠውም በሚነካው ዘይት፣ በሙቀቱና በውፍረቱ ነው አልኳት። ልጅቷ ጻፈች። እኔ ግን መልሴ ጎደሎ እንደሆነ ስለማውቅ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ነገሩ ከሆነ ሰባት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ሰባት ዓመት ምን አላት ትሉኝ ይሆናል። የዚያን ጊዜዋን እኔን፣ ሰብለን፣ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት ግን የምመክራት ብዙ ነገር አለኝ፤ የምትሰማኝ አይመስለኝም እንጂ። ከዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ፣ ከአንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው ስዞር የከረምኩበት ዓመት ነበር። ሥራ የሌለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ቤት ያለውን ሁሉ ካልፈታሁ ይላል። እኔ ሁለተኛዋ ነበርኩ። የእናቴን ራዲዮ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ የተረፉኝን ሁለት ብሎኖች ግን ለእናቴ አላሳየኋትም።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ቆማ ነበር። አባቴ ለእንስሳት ክትባት ቡድን ሾፌር ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ የነዳት መኪና ናት። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ጨረታ አወጣና አባቴ ገዛት፤ ሁለት ዓመት እንደነዳት ካምቢዮዋ እየጮኸ መጥቶ ቆመች። ከዚያ ወዲህ አባቴ ጠዋት ጠዋት የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ይወጣና መሪው ፊት ይቀመጣል። በሩን ይዘጋል፣ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፣ የግመል ወተት የገባበትን ሻይ ፉት እያለ ወደ ፊት ያያል። ወደ ፊት ያለው የጎረቤት አጥር ነው። እናቴ ከኩሽና ሆና፣ «ዛሬስ የት ደረስክ? ፋፈንን ተሻገርክ?» ትለዋለች። እሱም እንደሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

እናቴ መኪናዋ በቆመችበት ቦታ ላይ የሚከራይ ክፍል ልትሠራ ካሰበች ቆይታለች። የዚያን ዓመት በጾሙ መጨረሻ ግንበኛ ተነጋግራ መጣችና ቁርጡን ነገረችን። «በዳግማ ትንሣኤ ዕለት ቆራሌው ይመጣል። እስከዚያ በራሷ እግር ከወጣች ወጣች፤ ካልወጣች ቆራርጦ በኪሎ ይውሰዳት።» አባቴ አልተከራከረም። ሻዩን ይዞ ወጣና በሩን ከወትሮው ቀስ አድርጎ ዘጋው። ያ አዘጋጉ አንጀቴን በላው። ይህቺን መኪና ከወሰዱበት አባቴ ያበቃለታል ብዬ አሰብኩና ካምቢዮውን እኔ እሠራዋለሁ አልኩ።

ወደ አደር ጉሌድ ሄድኩ። «አደር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ከተማችን ውስጥ ትልቅ ሰው ሁሉ አደር ነው። አደር ጉሌድ ግን ለኔ ከስሙ በላይ ነበር። ከአባቴ ጋር በረሃውን አብረው ዞረውታል፤ አባቴ ይነዳል፣ እሱ ይጠግናል። ጋራዡ ወደ ከብት ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጠዋት ጠዋት ላሆህ የሚባለውን የሶማሌ ስስ እንጀራ ከምትጋግር ሴት ጎን ነበር። ከውስጥ የዘይት፣ ከውጭ የትኩስ ላሆህና የሰሊጥ ዘይት ሽታ ይገናኙና መሥራት መብላት ይሁን፣ መብላት መሥራት ይሁን ግራ ያጋባሉ።

የጋራዡ አንድ ግድግዳ በምስማር የተሞላ ነው። በየምስማሩ ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰሩ አሮጌ ጋስኬቶች ተንጠልጥለዋል፤ የተቀደዱ፣ የጠቆሩ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ። አደር ጉሌድ ከመኪና ያወጣውን ጋስኬት፣ መኪናው ተገጥሞ፣ ተነድቶ፣ ደህና መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አይጥልም። ብዙ ጊዜም ከዚያ በኋላ አይጥልም። እኔ ያን ግድግዳ ሳይ የምትታየኝ፣ ምናምኑን ሁሉ የምታከማች አሮጊት ነበረች።

«ቦታውም መሣሪያውም ያንቺ ነው፣ አባዮ» አለኝ፤ እህቴ እንደማለት ነው። «ሥራው ያንቺ ነው። የፊት ክዳኑን ስታነሺ ግን ጠብቂኝ።»

መኪናዋን ጎትተን ወሰድናት። ካምቢዮውን ከሥሯ አውርደን ስንፈታው የሚጮኸው የኋላው ኩሽኔታ ነበር፤ ኩሽኔታ ዘንጉ የሚሽከረከርበት፣ ኳስ የተሞላው የብረት ቀለበት ነው። አዲስ አስመጣን። ከዚያው ጋር አንድ ነጋዴ ከቶጎ ውጫሌ ሙሉ የጋስኬት ሣጥን አመጣልኝ። የዚያን ሣጥን ነገር እንዴት ልንገራችሁ! ሁሉም በየላስቲኩ፣ ንጹሕ፣ ቀዳዳው ሁሉ በማሽን የተመታ። አውጥቼ አሸተትኩት። የአዲስ መጽሐፍ ሽታ አለው።

በፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ፣ አደር ጉሌድ ሸደር የምትኖር አክስቱ ሞተችና ለቀብር ሄደ። የሚመለሰው ረቡዕ ነው አሉኝ። ቀን ቆጠርኩ፤ እሑድ ቆራሌው አለ። ማክሰኞ ጠዋት ክዳኑን አነሳሁት።

ከክዳኑ ሥር የነበረው ካርቶን አልነበረም። ስስ ወረቀት ነው። ዘይት ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል፤ ጠጋ ብዬ ሳየው መስመር ተሰምሮበታል፣ በአንዱ ጥግ ላይም «…ባት» የሚል የቃል ጭራ ይነበባል። አንድ ሰው የቢሮ ወረቀት ቆርጦ ካምቢዮ ውስጥ አስገብቷል! አዲሱን ከሣጥኑ አውጥቼ አጠገቡ አደረግሁት፤ የወረቀቱን እጥፍ ይሆናል። ለአፍታ ቆም አልኩ። ይህን ያህል ሳስቶ እንዴት ዘይት ሳያፈስ ኖረ? የማን ጽሑፍ ነው? ለምን እዚህ ቦታ ላይ ብቻ? ጥያቄው መጥቶ ነበር። ወዲያው ግን፣ ድህነት ነው አልኩ፤ ያላገኘ ሰው ያገኘውን ለጥፎ ነው፣ እኔ ግን አግኝቻለሁ። በቢላዋ ፋቅሁት፣ በቤንዚን አጠብኩት፤ ፍቅፋቂው ከቆሻሻው ጋር ሄደ። የፊተኛው ኩሽኔታ ደህና ስለነበረ ሳልነካው፣ ወፍራሙን አዲሱን ጋስኬት ግራሶ ቀብቼ ክዳኑን ገጠምኩ። እንዴት እንዳማረ!

ረቡዕ ከሰዓት አደር ጉሌድ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ መጣ። የተገጠመውን ካምቢዮ ዞሮ አየው። ያለ እሱ ክዳኑን በማንሳቴ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ሐዘን ላይ የከረመ ሰው ለቁጣ ጉልበት የለውም።

«አሮጌውን ሰቅለሻል?» አለኝ።

«ሰቅያለሁ» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። ትንሽ ነገር መስሎኝ ነው መሰለኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፍር ቁጥር የለውም፤ እሱም አልፈለገውም። ካምቢዮውን አብረን ወደ ቦታው መለስነው።

ሐሙስ አባቴ ኮቱን ለብሶ መጣ። ካራማራን ወጥተን እንድንመለስ ተስማማን፤ ጅጅጋ ውስጥ መኪና ደህና ነው የሚባለው ካራማራን ወጥቶ ሲወርድ ነው። ዝናቡ ገና ጀምሮ ነበርና ሜዳው አረንጓዴ ቀለም ሊይዝ እያለ ነው። ዳገቱን እንደ ድሮዋ ወጣችው። ከላይ አቁመን ወረድን፤ ነፋሱ የአባቴን ኮት እያውለበለበው ከተማዋን ቁልቁል ሲያይ ቆየ። ደስ ብሎታል ብዬ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

ችግሩ የመጣው ስንወርድ ነው። አባቴ በሦስተኛ ማርሽ እየያዛት መታጠፊያው ጋ ስንደርስ «ቋ!» አለ፤ የማርሹ ዘንግ ከእጁ አምልጦ ወደ ዜሮ ዘለለ። ሞተሩ በባዶ ጮኸ፣ መኪናዋ ተለቀቀች። ፍሬን ያዘ፣ መልሶ አስገባ። «ቋ!» እንደገና ተፋው። ከኋላችን የጭነት ኢሱዙ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ከፊት ገደል ነው። አባቴ ሦስተኛውን አስገባና የማርሹን ዘንግ በጉልበቱ ተጭኖ ያዘው፤ እንደዚያ ተጣሞ ተቀምጦ፣ የፍሬኑ ሸራ እየሸተተን ሜዳው ላይ አወረደን። ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቀለ።

«እናትሽን ንገሪያት» አለኝ ወደ ፊት እያየ። «ቆራሌው እሑድ ይምጣ።»

ያን ጊዜ አላስችል አለኝና ተናዘዝኩ። ስስ ወረቀት እንደነበረ፣ ፍቄ እንደጣልኩት፣ ለአደር ጉሌድ ሰቅያለሁ ብዬ እንደዋሸሁ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«ወረቀቱ ጽሑፍ ነበረበት?»

«ነበረበት። መጨረሻው ‘ባት’ ይላል።»

«ክትባት» አለና ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። «የኛ ቅጽ ነው። የላሞች መመዝገቢያ።»

ከዚያ ታሪኩን ነገረኝ፤ ከዓመታት በፊት በሀርሺን መንገድ ላይ የፊተኛው ኩሽኔታ ተሰባበረ። መድኃኒቱ በረዶ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ከብት አርቢዎቹ ቢርካው፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያው፣ አጠገብ ላሞቻቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ። አደር ጉሌድ ከሌላ መኪና የወጣ ኩሽኔታ አገኘ፤ ገባ፣ ግን ከጥንቱ በፀጉር ያህል ይሳሳል። ስለዚህ የክዳኑ ጋስኬትም መሳሳት ነበረበት። የሲጋራ ፓኮ ሞከሩ፣ የደብተር ሽፋን ሞከሩ፤ ከጠዋት እስከ ዐሥር ሰዓት ሲቆርጡና ሲለኩ ውለው ልክ የሆነው የክትባት ቅጹ ሆነ። እኔ ድህነት ያልኩት የአንድ ቀን ሙሉ ልኬት ነበር።

አደር ጉሌድ ጋ ሄደን ራሴ ነገርኩት። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«ወረቀቱ ወረቀት ነው፤ ሌላ ይቆረጣል» አለኝ። «ሰቅያለሁ ስትዪኝ ግን እኔ አባትሽን ታደሰን መሪ ላይ አስቀመጥኩት። ወላሂ፣ ካራማራ ላይ አስቀመጥኩት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ፍቺው» አለኝና መፍቻውን አቀበለኝ።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሦስታችን ካምቢዮው ላይ ተሰበሰብን። የዚያ ቅጽ ወረቀት ዛሬ የለም፤ የሚያህለውን መፈለግ ነበረብን። አደር ጉሌድ ክዳኑን ያለ ምንም ጋስኬት አስቀምጦ ብሎኖቹን በጣቱ ብቻ አጠበቃቸው። ክዳኑ ኩሽኔታውን ሲነካ ቆመ፤ ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር ግን አልገጠመም፤ ዙሪያውን ቀጭን ክፍተት ቀረ። «ጋስኬትሽ ይሄ ነው» አለኝ ክፍተቱን እያሳየኝ። «ወረቀቱ ኋላ የሚመጣ ነው።»

አምስት ዓመት ስማር ጋስኬት ማለት ዘይት ከልካይ ነበር። እዚህ ግን ወረቀቱ የሚይዘው ርቀትን ነው። ከሳሳ ክዳኑ ኩሽኔታውን ጨቁኖ ያግለዋል፤ ከወፈረ ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚላወስበት ቦታ ያገኛል፣ ማርሹም ይተፋል። ካራማራ ላይ የተላቀቅነው በአንድ ወረቀት ውፍረት ነው። ያፈርኩት እንዳለ ሆኖ፣ ነገሩ እንዲህ መሆኑ ደስ አሰኘኝ፤ ደስ መሰኘቴም አሳፈረኝ።

ከዚያ የወረቀት አደን ተጀመረ። የደብተር ገጽ ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ ይወዛወዛል። ሁለት ገጽ አሁንም ይላላል። የሠርግ መጥሪያ ካርድ አልገባም አለ። የሻይ ቅጠል ካርቶን ጭራሽ። ላሆህ የምትጋግረዋ ሴት መስኮቷ ላይ የለጠፈችውን የዓመት መቁጠሪያ ቅዳጅ ሰጠችን፤ ቀረብ ብሎ ነበር፣ ግን ሸርተት ይላል። አባቴ ከመሰላቸቱ የተነሳ የመድኃኒት ማሸጊያ ከኪሱ አወጣ። እኔ ቤት ሮጬ ሄድኩና የመመረቂያ ጽሑፌን ይዤ መጣሁ። የኋላ ሽፋኑን ጥግ ቆርጬ ወደ ክፍተቱ ሰደድኩት። ገባ፤ ስስበው ያዝ አድርጎ፣ እየተጎተተ ወጣ። አደር ጉሌድ ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ሞከረውና ፈገግ አለ።

«ትንሽ ይወፍራል፤ ሲጠብቅ ይተኛል። እሱ ነው።»

«በል እንግዲህ» አለ አባቴ። «ጽሑፉ ከጸሐፊዋ ቀድሞ ሥራ ያዘ።»

ሽፋኑን ክዳኑ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት፤ ወረቀቱ በብረቱ ጠርዝ ላይ ራሱ ይቆረጣል። ለብሎኖቹ ቀዳዳ ከአሮጌው ኩሽኔታ ያወጣናትን ኳስ እያስቀመጥኩ አንድ አንድ ጊዜ መምታት ነው። ዘይት አጠጣሁት። ቅዳሜ ቀትር ላይ ካምቢዮው ቦታው ገባ። ከሰዓት ካራማራን ወጣን። ስንወርድ መታጠፊያው ጋ አባቴ በሦስተኛ ያዛትና እጁን ከማርሹ ዘንግ ላይ አነሳ። ዘንጉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከኋላ የተቀመጠው አደር ጉሌድ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰማሁት። እኔ አለቀስኩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። እሑድ ጠዋት አባቴ ቀሰቀሰኝና «ተነሺ፣ መንገድ አለን» አለኝ። ወደ ምሥራቅ ነዳ። ቢርካዎቹ ዝናብ ተቀብለዋል፣ ግመሎች መንገዱ ላይ ቆመው አላሳልፍ ይሉናል፣ እሱ በቀስታ ያፏጫል። ሀርሺን ስንደርስ ከየመንደሩ ወተት ሰብስባ ጅጅጋ የምትልክ አንዲት ሴት ቤት አቆመ። ኤዶ ሀዋ ይሏታል፤ ኤዶ አክስት ማለት ነው። ድሮ የክትባቱ ቡድን ላሞቿን ሲከትብ ታበላቸው ነበር። ሴትዮዋ መኪናዋን ዞራ አየች፣ ሞተሩን ሰማች፤ ከዚያ አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ነገሩ ዓርብ በስልክ አልቆ ኖሯል።

በሚኒባስ ስንመለስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ለምን ለፋሁ?» አልኩት።

«እንድትሄድ ነዋ» አለኝ ግራ ገብቶት። «በኪሎ እንዳትሸጥ።»

«ጠዋት ጠዋት የምትቀመጥባትስ?»

«ቆማ ትቻት እንዴት ብዬ ልግባ? አፍሬ ነው የምቀመጠው። ከሄደችማ ምን ያስቀምጠኛል?» አለኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ባዶውን ቦታ አይታ «የታለች?» አለች። ስንነግራት ወደ ኩሽና ገባች፤ ግንበኛውንም ያለ ምክንያት አንድ ሳምንት አስቆየችው።

እኔ ክፍተቱን ለክቻለሁ፣ ወረቀቱን ለክቻለሁ፤ አባቴን ግን ምን እንደሚፈልግ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ፊቱን አይቼ፣ የበር አዘጋጉን አይቼ፣ እኔው መልሱን ገጥሜለት ነበር። ስወደው ስለነበር የማውቀው መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ የተማሪዬ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አሁን አባቴ ጉልበቱ ደክሟል። ከትናንት በስቲያ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደውሎ፣ «እኔ ጋ መጥቶ ይኑር፣ ሐኪሙም ቅርብ ነው» አለ። እናቴም ተስማማች። እኔም ጥሩ ነው ብያለሁ፤ ልብሱን በየትኛው ሻንጣ እንደምናደርግ ሁሉ ተነጋግረናል። ዛሬ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት።

«አባባ፣ አንተስ የት መኖር ትፈልጋለህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ወንበር አምጪ» አለኝ።

አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።